ሮናልድ ኖሪሽ

ሮናልድ ጆርጅ ሬይፎርድ ኖሪሽ (ኖቬምበር 9 ቀን 1897 – ጁን 7 ቀን 1978) እንግሊዛዊ ኬሚስት ነበር። ብርሃን በጋዞች ላይ የሚያስከትለውን ኬሚካዊ ለውጥ ዕድሜውን ሙሉ አጥንቷል። ከተማሪው ከጆርጅ ፖርተር ጋር ሆኖ ፍላሽ ፎቶሊሲስ የተባለውን ዘዴ በመፍጠሩም በ1967 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ዘዴው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ኃይለኛ የብርሃን ብልጭታ በቱቦ ውስጥ ያለን ጋዝ ይሰባብራል፤ ከዚያ እጅግ አጭር ጊዜ ቆይቶ የሚመጣ ሁለተኛ ብልጭታ የተሰባበረውን ነገር ፎቶግራፍ ያነሣል። በዚህ መንገድ ከሰከንድ ሺህኛ እጅ ላልበለጠ ጊዜ የሚቆዩ የሞለኪውል ስባሪዎችን ማየትና የሚጠፉበትን ፍጥነት መለካት ተቻለ። ከእነዚህ ስባሪዎች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ክሎሪን ሞኖክሳይድና ሃይድሮክሲል፣ ኋላ ላይ በምድር ከባቢ አየር ውስጥ ትልቅ ሥራ የሚሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ጦርነት

ኖሪሽ የተወለደው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ነው፤ የሞተውም በዚያችው ከተማ ነው። ከጦርነቱ ዓመታት በቀር ከካምብሪጅ ርቆ የኖረበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። አባቱ የዴቨን አውራጃ ተወላጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ ወደ ካምብሪጅ የመጣው ቡትስ የተባለው የመድኃኒት ንግድ ድርጅት ከከፈታቸው ቀደምት ሱቆች አንዱን ለማቋቋም ነበር። በመድኃኒት ቀማሚ ቤት ማደግ ለልጁ ትልቅ ዕድል ሆነለት። አባቱ በጓሮ በነበረች አነስተኛ ጎጆ ውስጥ ቤተ ሙከራ እንዲያደራጅ ፈቀደለት፤ የሚያስፈልገውንም ኬሚካል ይሰጠው ነበር። ልጁ የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት ያወጣቸው በነበሩ ውድድሮች እየገባ፣ ምንነታቸው ያልተነገረ ድብልቆችን መርምሮ ብዙ ጊዜ ሽልማት አግኝቷል። የዚያች የጓሮ ቤተ ሙከራ ዕቃዎች በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብተዋል።

በከተማው በሚገኘው ፐርስ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ1915 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኢማኑኤል ኮሌጅ የነፃ ትምህርት ዕድል አሸነፈ። ነገር ግን ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበርና ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ትቶ በመድፈኛ ጦር ውስጥ መኮንን ሆነ፤ ወደ ፈረንሳይ ግንባርም ሄደ። ማርች 21 ቀን 1918፣ ጀርመኖች በምዕራቡ ግንባር ታላቁን የፀደይ ማጥቃት በከፈቱበት የመጀመሪያ ቀን፣ ምክትል መቶ አለቃ ኖሪሽ የደረሰበት ጠፋ። ተማርኮ ነበር። ጦርነቱ እስኪያበቃ በእስር ቆይቶ በ1919 ወደ ኢማኑኤል ኮሌጅ ተመለሰ። ከእርሱ ጋር ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ግን አልተመለሱም። ኖሪሽ ከዓመታት በኋላም ቢሆን፣ በችሎታ ሊወዳደሩት ይችሉ የነበሩ እኩዮቹ በጦርነቱ ማለቃቸውን በኀዘን ያነሣ ነበር።

ብርሃንና ጋዝ

ከጦርነቱ መልስ ኖሪሽ ምርምር የጀመረው በኤሪክ ራይዲል ሥር ነው። ፎቶኬሚስትሪን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስነሣቸውን ኬሚካዊ ለውጦች የሚያጠናውን ዘርፍ እንዲወድ ያደረገው ራይዲል ነበር። በ1925 የኢማኑኤል ኮሌጅ አባል መምህር ሆነ፤ በ1926 አኒ ስሚዝን አገባና መንታ ሴቶች ልጆች ወለዱ። በ1936 የሮያል ሶሳይቲ አባልነት ተሰጠው። የካምብሪጅ የመጀመሪያው የፊዚካል ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቶማስ ሎሪ ሲሞት፣ በ1937 ወንበሩንና የክፍሉን ኃላፊነት ተረከበ። እስከ 1965 ድረስም ለ28 ዓመታት መራው።

የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ ዛሬ ሲታዩ አንድ የሚያስገርም ነገር አላቸው። ኖሪሽ ስለ ከባቢ አየር እየመረመረ አልነበረም፤ ቢሆንም የመረጣቸው ጋዞች ኋላ ላይ የከባቢ አየር ሳይንቲስቶችን እንቅልፍ የነሡት ናቸው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ያጠናው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ነበር። ይህ ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው ቡናማ ጋዝ ነው። ኖሪሽ ጋዙ የሞገድ ርዝመቱ ከ400 ናኖሜትር ገደማ በታች የሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድና ወደ ኦክስጅን አቶም እንደሚሰበር አሳየ። የሞገድ ርዝመቱ ከዚያ በላይ የሆነውን ሰማያዊ ብርሃን ግን ጋዙ ቢውጠውም አይሰበርም፤ የብርሃኑ ጉልበት አይበቃምና። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በ1950ዎቹ የሎስ አንጀለስ ከተማ ጭስ ለምን በፀሐያማ ቀን እንደሚብስ ሲመረመር፣ መልሱ እዚሁ ላይ ተገኘ፦ በፀሐይ ብርሃን የተለቀቀው ኦክስጅን አቶም ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ኦዞን ይሠራል።

በ1934 ኖሪሽ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር፣ ኦዞን ከክሎሪን ጋር ተደባልቆ ብርሃን ሲያርፍበት እንዴት እንደሚፈርስ የሚያሳይ ጥናት አወጣ። ብርሃኑን የሚቀበለው ክሎሪኑ ነው፤ የሚፈርሰው ግን ኦዞኑ ነው። ማሪዮ ሞሊናና ሼርውድ ሮውላንድ የማቀዝቀዣና የሽቶ መርጫ ጋዞች የሚለቁት ክሎሪን የኦዞን ንጣፍን ሊያሳሳ እንደሚችል ያስጠነቀቁት በ1974፣ ማለትም ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በ1934 ግን ክሎሪን ወደዚያ ከፍታ ሊደርስ ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ስላልነበረ፣ ጥናቱ በኬሚስቶች መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

በዚሁ ዘመን ኬቶንና አልዲሃይድ የተባሉት የካርቦን ውሁዶች በብርሃን እንዴት እንደሚሰበሩ አጥንቶ ሁለት መንገዶችን ለየ። ተማሪዎች እስከ ዛሬ አንደኛውና ሁለተኛው የኖሪሽ አፀግብሮት እያሉ ያጠኗቸዋል። (አፀግብሮት ማለት ንጥረ ነገሮች እርስ በርስ ተነካክተው ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጡበት ሂደት ነው።)

የማይታየው መካከል

እነዚህ ጥናቶች ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት ነበራቸው። ብርሃን ሞለኪውልን ሲሰብር መጀመሪያ የሚወጡት ነፃ ራዲካሎች የተባሉ ስባሪዎች ናቸው። ራዲካል አንድ ኤሌክትሮኑ ያለ ጥንድ የቀረ፣ ያገኘውን ሁሉ ለመያዝ የሚጣደፍ ስባሪ ስለሆነ ወዲያውኑ ከሌላ ጋር ይዋሐዳል። በመደበኛ መብራት ሥር በየቅጽበቱ የሚፈጠሩት ጥቂት ናቸው፤ የተፈጠሩትም ወዲያው ያልቃሉ። ስለዚህ በማንኛውም ጊዜ በቱቦው ውስጥ ያሉት ራዲካሎች ለማየት ከሚቻለው መጠን እጅግ ያንሳሉ። ኬሚስቱ ማወቅ የሚችለው መጀመሪያ ያስገባውንና በመጨረሻ ያገኘውን ብቻ ነበር። መካከል ላይ የሆነውን በግምት ይሞላዋል። ይህም ከሠርግ ቤት ደጅ ቆሞ የገባውንና የወጣውን ሰው እየቆጠሩ፣ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ ለማወቅ እንደመሞከር ነው።

በ1947 የፋራዴይ ማኅበር በእነዚህ አጭር ዕድሜ ባላቸው ሞለኪውሎች ላይ ጉባኤ አድርጎ ነበር። በዚያ ጉባኤ ላይ የቀረበው አስተያየት ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር፤ የሰከንድን ሺህኛ በሚያህል ጊዜ ውስጥ በቀጥታ መለኪያ መሥራት ከችሎታ በላይ ነው ተባለ።

ሁለቱ ብልጭታዎች

ጆርጅ ፖርተር ካምብሪጅ የገባው በ1945 ሲሆን፣ በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የራዳር መኮንን ነበር። አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችን መላክና የመልሳቸውን ጊዜ መለካት ለምዷል። ኖሪሽ ሚቴን ውስጥ ካለው ካርቦን ሁለት ሃይድሮጅን ሲነሡ የሚቀረውን ሚቲሊን የተባለ ራዲካል እንዲያጠና መደበው። ለዚህም ብዙ ብርሃን ስለሚያስፈልግ ከጦር ሠራዊት የመጣ የሌሊት ሰማይ መፈተሻ መብራት ተተከለ፤ ኤሌክትሪኩንም በተሳቢ ላይ የተጫነ የናፍጣ ጄኔሬተር ይሰጥ ነበር። ይህን ሁሉ ግርግር ፈጥሮም ውጤቱ ደካማ ሆነ።

ፖርተር በ1947 የሜርኩሪ መብራት ሊያመጣ ፕሬስተን ከተማ ወዳለው የሲመንስ መብራት ፋብሪካ ተላከ። እዚያም ለፎቶግራፍ የሚሆኑ የብልጭታ መብራቶች ሲሠሩ አየ። ሐሳቡ የመጣለት ያኔ ነው። መብራቱ ለረዥም ጊዜ ከሚያበራ ይልቅ ያንኑ ጉልበት በአንድ ቅጽበት ቢያወጣ፣ ራዲካሎቹ ለመጥፋት ጊዜ ሳያገኙ በብዛት ይፈጠራሉ። ካፓሲተር በተባሉ የኤሌክትሪክ ማከማቻዎች ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጁል ጉልበት ይጠራቀማል፤ ከዚያም በጋዝ በተሞላ የኳርትዝ ቱቦ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ኳርትዝ የተመረጠው ተራ ብርጭቆ አልትራቫዮሌት ጨረርን ስለማያሳልፍ ነው። ከዚህ መብራት አጠገብ፣ ጎን ለጎን፣ የሚጠናው ጋዝ ያለበት ሌላ የኳርትዝ ቱቦ ይቀመጣል።

በ1949 ኖሪሽና ፖርተር የመጀመሪያውን ውጤት በኔቸር መጽሔት አወጡ። በአንድ ብልጭታ ብቻ በቱቦው ውስጥ ካለው ጋዝ አብዛኛው ይሰበር ነበር። ከዚያ በፊት ለሰዓታት መብራት አብርተው ትንሽ ለውጥ ይጠብቁ ለነበሩ ሰዎች ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ይሁን እንጂ ዋናው ብልጭታ ግማሽ ሥራ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ሁለተኛው ብልጭታ ሲሆን፣ እርሱ በቱቦው ርዝመት አልፎ ስፔክትሮግራፍ ወደተባለው መሣሪያ ይገባል። ስፔክትሮግራፉ ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ያትመዋል። እያንዳንዱ ራዲካል የራሱ በሆኑ የሞገድ ርዝመቶች ላይ ብርሃን ይውጣል፤ በሰሌዳውም ላይ በእነዚያ ቦታዎች ከሌላው የተለዩ መስመሮች ይወጣሉ። መስመሮቹ እንደ ጣት አሻራ ናቸው፤ የማን እንደሆኑ ይናገራሉ።

በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል ያለውን ጊዜ መቆጣጠር የዘዴው ልብ ነው። በመጀመሪያው መሣሪያ ላይ ይህን የሚያደርገው የሚሽከረከር ጎማ ነበር፤ ጎማው ሲዞር አንዱን የኤሌክትሪክ መገናኛ ከሌላው አስቀድሞ ይነካል። ኋላ ላይ የመጀመሪያውን ብልጭታ የሚያይ ፎቶሴልና ኤሌክትሮኒክ ማዘግያ ተተኩ፤ ጊዜውም ከሰከንድ ሺህኛ ወደ ሚሊዮንኛ ወረደ።

ፍጥነት እንዴት ይለካል

አንድ ፎቶግራፍ የሚያሳየው አንድ ቅጽበትን ብቻ ነው። ስለዚህ ቱቦው በአዲስ ጋዝ ይሞላና ሙከራው ይደገማል፤ በዚህ ጊዜ ግን ሁለተኛው ብልጭታ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። እንዲህ እየተደጋገመ ፎቶግራፎቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ፣ የራዲካሉ መስመሮች ብቅ ሲሉ፣ ሲደምቁና ሲደበዝዙ ይታያል። የመስመሩን ጥቁረት በመለካት ምን ያህል ብርሃን እንደተዋጠ ይታወቃል፤ ከተዋጠው ብርሃንም በቱቦው ውስጥ የነበረው የራዲካል መጠን ይሰላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ራዲካሉ እንዴት እንደሚጠፋ ነው። ራዲካሉ በብዛት ካለ ሌላ ጋዝ ጋር እየተጋጨ የሚያልቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ ብዙም ይሁን ጥቂት በግማሽ ለመቀነስ የሚወስደው ጊዜ አይለወጥም። ሁለት ራዲካሎች እርስ በርስ እየተገናኙ የሚጠፉ ከሆነ ግን ብዛታቸው እጥፍ ሲሆን የመጥፋቱ ፍጥነት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ብዙ ሲሆኑ ቶሎ ይገናኛሉ፣ ጥቂት ሲቀሩ ደግሞ ፍለጋው ይረዝማል። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ነጥቦቹን በወረቀት ላይ ሲያስቀምጡ በሚወጣው መስመር ቅርጽ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት አስቸጋሪ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሙቀት ነው። ያን ያህል ብርሃን በአንድ ቅጽበት የዋጠ ጋዝ በጣም ይግላል፤ አንዳንዱም ይፈነዳል። የአፀግብሮት ፍጥነት ደግሞ ከሙቀት ጋር ስለሚለወጥ፣ በስንት ዲግሪ እንደተለካ ያልታወቀ ፍጥነት ጥቅም የለውም። መፍትሔው በአፀግብሮቱ ውስጥ የማይገባ ሌላ ጋዝ፣ ለምሳሌ ናይትሮጅን፣ በብዛት መጨመር ሆነ፤ ሙቀቱን እርሱ ይጋራዋል። ኖሪሽ ሁለቱንም መንገድ ይጠቀም ነበር፦ ፍጥነት መለካት ሲፈልግ ጋዙን ያቀጥነዋል፣ ቃጠሎን ማጥናት ሲፈልግ ሆነ ብሎ እንዲፈነዳ ይተወዋል።

ሁለተኛው ችግር የበለጠ ስውር ነው። ፎቶግራፉ መስመሩ በስንት እጅ እንደቀነሰ ይናገራል፤ በቱቦው ውስጥ ስንት ራዲካል እንደነበረ ግን ብቻውን አይናገርም። ለዚያ አንድ ራዲካል ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ራዲካሉን ደግሞ በጠርሙስ አስቀምጦ መመዘን አይቻልም። ራዲካሎች እርስ በርስ በሚጠፉባቸው አፀግብሮቶች ላይ ይህ ችግር ለብዙ ዓመታት የስህተት ምንጭ ሆኖ ቆይቷል።

ክሎሪን ሞኖክሳይድ፣ የጋለ ኦክስጅንና ሃይድሮክሲል

ፖርተር በ1950 ገደማ የክሎሪንና የኦክስጅን ድብልቅን በብልጭታ ሲመታ ያልጠበቀውን ነገር አየ። በአልትራቫዮሌት ክልል ውስጥ ጎን ለጎን የተሰለፉ መስመሮች ወጡ፤ በጥቂት የሰከንድ ሺህኞች ውስጥም ጠፉ። መስመሮቹ የክሎሪን ሞኖክሳይድ ነበሩ። ይህ አንድ የክሎሪንና አንድ የኦክስጅን አቶም ያሉት ራዲካል ነው። የሚጠፋውም እርስ በርሱ እየተገናኘ እንደሆነ ፖርተርና ባልደረባው በ1953 ባወጡት ጥናት አሳዩ።

ፖርተር በ1954 ካምብሪጅን ለቅቆ ሄደ፤ ኖሪሽ ግን ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ቀጠለ። ከእነዚህ አንዱ ብራያን ትረሽ ነበር። በ1956 ኖሪሽ፣ ትረሽና ሊፕስኮም ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድንና ክሎሪን ዳይኦክሳይድን በብልጭታ ሰብረው አንድ አዲስ ነገር አገኙ። ከአፀግብሮቱ የሚወጣው የኦክስጅን ሞለኪውል ተራ ኦክስጅን አይደለም፤ ሁለቱ አቶሞቹ በኃይል የሚርገበገቡ፣ ከዙሪያው ካለው ጋዝ ይልቅ እጅግ የጋለ ያህል የሆነ ነው። አፀግብሮቱ የለቀቀው ጉልበት ወዲያው ሙቀት ሆኖ አልተበተነም፤ በአዲሱ ሞለኪውል ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ቆየ። ይህን ማንም በሌላ መንገድ ሊያየው አይችልም ነበር።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ኖሪሽና ማክግራዝ ወደ ኦዞን ተመለሱ። ደረቅ ኦዞን በብልጭታ ሲመታ የሚርገበገበው ኦክስጅን መስመሮች ይወጣሉ። ትንሽ የውሃ እንፋሎት ሲጨመር ግን እነዚያ መስመሮች ይጠፉና በምትካቸው የሃይድሮክሲል መስመሮች ይመጣሉ። ሃይድሮክሲል አንድ የኦክስጅንና አንድ የሃይድሮጅን አቶም ያሉት ራዲካል ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነበር፦ ከኦዞን የወጣው ጉልበት የተሸከመ የኦክስጅን አቶም ከውሃ ሞለኪውል ጋር ሲገናኝ ሁለት ሃይድሮክሲሎች ይፈጠራሉ።

ለኖሪሽ ይህ የቃጠሎና የፍንዳታ ጥናት ክፍል ነበር። ቤንዚን በሞተር ውስጥ ያለ ጊዜው ሲፈነዳ የሚሰማው ማንኳኳት ከምን እንደሚመጣ፣ ከእርሳስ የተሠራው የቤንዚን ተጨማሪም እንዴት እንደሚያቆመው በዚሁ መሣሪያ መርምሯል። በ1971 ግን ሂራም ሌቪ የተባለ ሳይንቲስት፣ ያው አፀግብሮት በታችኛው ከባቢ አየር ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ሳያቋርጥ እንደሚካሄድ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ እንደሚታወቀው ሃይድሮክሲል የአየሩ ዋና አጣቢ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሚቴንንና ሌሎች ብዙ ጋዞችን ከአየር የሚያስወግደው እርሱ ነው። ሚቴን በአየር ውስጥ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወሰነውም በዋናነት ከሃይድሮክሲል ጋር በሚያደርገው አፀግብሮት ፍጥነት ነው።

ጠባዩ

ኖሪሽ ቀላል አለቃ አልነበረም። ክርክር ይወዳል፣ በክርክርም ግትር ነው፤ ትችትን ግን በቀላሉ አይችልም ነበር። መጠጥና ጨዋታም ይወዳል። ብዙ ተማሪዎቹ በእነዚህ ጠባዮቹ እየሳቁ ሲወዱት፣ ሌሎች ግን ተጎድተዋል።

ከተጎዱት በጣም የምትታወቀው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ናት። ፍራንክሊን በ1941 ትምህርቷን ጨርሳ በኖሪሽ ሥር ምርምር ጀመረች። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር፤ ኖሪሽ በአንድ በኩል ክፍሉን እያስተዳደረ በሌላ በኩል ለመንግሥት የጦርነት ምርምር ይሠራ ነበር። የሰጣት ርዕስ ብዙም ጥቅም ያልነበረው ሲሆን፣ በሥራው ላይ ስህተት አግኝታ ስትነግረው ግንኙነታቸው ጨርሶ ተበላሸ። በ1942 ትታው ሄዳ ስለ ድንጋይ ከሰል ማጥናት ጀመረች፤ የዶክትሬት ዲግሪዋንም በዚያ ሥራ ከካምብሪጅ በ1945 አገኘች። በኋላ በኤክስሬይ ያነሣቻቸው የዲኤንኤ ምስሎች በዓለም የታወቁ ሆኑ። ኖሪሽ ታላቅ ሳይንቲስትን በእጁ ይዞ ሳያውቃት ቀረ ቢባል ግነት አይሆንም።

በተቃራኒው ፖርተርን አምኖ ለቀቀው። አንድ ወጣት ተማሪ የተሰጠውን ርዕስ ወደ ጎን ትቶ በማያውቀው መሣሪያ ላይ ገንዘብና ጊዜ ላጥፋ ሲል ብዙ ፕሮፌሰሮች እሺ አይሉም። የሁለቱን ተማሪዎች ዕጣ እዚህ ላይ ማስተያየት ተገቢ ነው፤ አለቃው አንድ ሰው ነበር።

ሽልማትና የመጨረሻ ዓመታት

ኖሪሽ በ1958 የሮያል ሶሳይቲን የዴቪ ሜዳይ ተሸለመ። በ1965 ጡረታ ወጣ። በ1967 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት እጅግ ፈጣን የሆኑ አፀግብሮቶችን ላጠኑ ሦስት ሰዎች ተሰጠ። ግማሹ ለጀርመናዊው ማንፍሬድ አይገን ደረሰ፤ ሌላውን ግማሽ ኖሪሽና ፖርተር ተካፈሉ። አይገን በፈሳሾች ውስጥ የሚካሄዱ አፀግብሮቶችን በሌላ መንገድ የለካ ነው። ሽልማቱ ሲሰጥ ኖሪሽ 70 ዓመቱ ነበር፤ በጦር ሜዳ ከተማረከ 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

ጁን 7 ቀን 1978 በካምብሪጅ በ80 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ክሎሪን ያለባቸውን ጋዞች በአብዛኞቹ የሽቶና የፀጉር ቅባት መርጫዎች ውስጥ መጠቀምን ከለከለች። በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞን በየፀደዩ ክፉኛ እንደሚሳሳ የታወጀው ግን ከሞቱ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1985 ነው።

ከሞቱ በኋላ

በ1970ዎቹ የኦዞን ክርክር ሲነሣ፣ ክርክሩ በአብዛኛው የፍጥነት ክርክር ነበር። ክሎሪን ኦዞንን እንደሚያፈርስ ማንም አልካደም፤ የተጠየቀው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያፈርስና ሌሎች አፀግብሮቶች ቀድመው ክሎሪኑን ይይዙት እንደሆነ ነው። አንድ የፍጥነት ቁጥር በጥቂት እጥፍ ሲስተካከል፣ ስለ ወደፊቱ የሚሰጠው ትንበያ ከአስጊ ወደ ቀላል ወይም ከቀላል ወደ አስጊ ይዞር ነበር። ስለዚህ በብዙ አገሮች ያሉ ቤተ ሙከራዎች እነዚያን አፀግብሮቶች አንድ በአንድ ይለኩ ጀመር። ብዙዎቹ የተጠቀሙት ከኖሪሽና ከፖርተር መሣሪያ የተወለደውን ነው። የመጀመሪያው ብልጭታ በሌዘር ተተካ፤ የፎቶግራፍ ሰሌዳው ቀርቶ ብርሃንን ወዲያው ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ መቀበያዎች መጡ። ብራያን ትረሽም በካምብሪጅ ቆይቶ በላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ የሚካሄዱ አፀግብሮቶችን መለካት ዋና ሥራው አደረገ።

ፖርተር በ1950 ገደማ በቱቦ ውስጥ ያየው ክሎሪን ሞኖክሳይድ በ1987 በሰማይ ተገኘ። ከቺሌዋ ፑንታ አሬናስ ከተማ የተነሣች የናሳ ከፍተኛ በራሪ አውሮፕላን ወደ አንታርክቲካ እየበረረች ሁለቱን ጋዞች ለካች። አውሮፕላኗ ቀዝቃዛው የአየር ክልል ውስጥ ስትገባ ክሎሪን ሞኖክሳይድ ይጨምራል፤ በዚያው ቦታ ኦዞን ይቀንሳል። በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ኦዞኑን የሚጨርሰው ሂደት የሚጀምረው ሁለት የክሎሪን ሞኖክሳይድ ራዲካሎች እርስ በርስ ሲጣመሩ መሆኑን ሉዊሳ ሞሊናና ማሪዮ ሞሊና በዚያው ዓመት አሳዩ። ጥንዱን የፀሐይ ብርሃን ሲሰብረው ክሎሪኑ ነፃ ወጥቶ እንደገና ወደ ኦዞን ይመለሳል። በ1953 በካምብሪጅ ራዲካሎቹ እርስ በርስ ሲጠፉ የተለካው በክፍል ሙቀት ነበር፤ ለአንታርክቲካ ያስፈለገው ግን ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ ገደማ ያለው ፍጥነት ነው፤ እሱም በበርካታ ቤተ ሙከራዎች እንደገና ተለካ።